ሸርጣኑን ማን አሰረው?

ኖሳኬሌ መናደድ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ንዴቷ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ባሏ ከማዕድን ጉድጓድ ሳል ይዞ ተመልሶ ከሞተበት ጊዜ ጀምሮ። የዚህ ሳምንቱ የሚለየው ሆዷ ውስጥ አልቀመጥ ማለቱ ብቻ ነው።

የምባሼ ወንዝ ከባሕሩ በሚገናኝበት፣ ማዕበሉ ዓለቱን ሲደበድብ በሚውልበት ሠፈር፣ ሥራ የተከፋፈለ ነው። ሴቶቹ ባሕሩ ሲሸሽ ወርደው ዛጎሉን፣ ሸርጣኑንና ከዓለት ላይ የሚነቀለውን፣ ለማባበያ የሚሆን የባሕር እንስሳ ቀይ ሥጋ ያመጣሉ፤ ወንዶቹ የማጥመጃ ዘንግ ይዘው ዓሣ ያጠምዳሉ። ሴት የወንድ ዘንግ ከነካች ዓሣው ይሸሻል ይባላል። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም። ሸርጣን መንጠቆ ላይ ማሰር ያስተማራት አባቷ እንዲህ ያለ ነገር አንድም ቀን ከአፉ አልወጣም፤ እናቷም ብትሆን ክር በእጇ ጠምጥማ እያጠመደች ነው ያሳደገቻት። ልማዱ የተወለደው በባሕሩ ዳር ያለው ሆቴል እንግዳ ይዘው ዓለት ላይ ወጥተው የሚያስጠምዱ መሪዎችን መቅጠር በጀመረ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የአያት የቅድመ አያት ወግ ሆኖ አረፈው።

የመሪዎቹ አለቃ ዋርሳዋ ምቡዪሴሎ ነው፤ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም። ከየከተማው የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ዓሣ ነው፤ ዛጎል ሰባሪ ይሉታል። ግንባረ ሰፊ፣ መንጋጋው ድንጋይ የሚፈጭ፣ እንደ ቀበሌ ሽማግሌ ተጠራጣሪ የሆነ ዓሣ ነው። ሸርጣኑን አንስቶ ያደቅቀዋል፣ ይተፋዋል፣ ደስ ካለው ደግሞ ይመለስበታል። ክሩ ከጠበቀበት ትቶት ይሄዳል። የመንጠቆው ጫፍ ቅርፊቱ ውስጥ ከተቀበረ አፉ ገብቶ ሳይይዘው መልሶ ይወጣል። ትምባሆ ወይም የፀሐይ ቅባት የነካ እጅ ከዳሰሰውማ ጨርሶ አይጠጋም።

ኖሳኬሌ መጀመሪያ እጇን በቀይ ሥጋው ጭማቂ ታሻለች። የሸርጣኑን እግሮች በአንድ ወገን ትነቅላለች፣ ሽታው ውኃው ውስጥ እንዲሄድ። ሆዱን በአውራ ጣቷ ሰንጠቅ ታደርግና የመንጠቆውን ጫፍ ውጭ ትታ በቀጭን ላስቲክ ክር ላላ አድርጋ ታስረዋለች። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ምቡዪሴሎ በየማለዳው ደጇ መጥቶ የታሰሩትን በባልዲ ይወስዳል። ዓለቱ ጋ ሲደርስ "እኔ ነኝ ያሰርኩት" ይላል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያለው ሰው ምቡዪሴሎን አላየውም።

ሰሞኑን ሆቴሉ ለበጋው ሦስት መሪዎችን ሊመርጥ ሆነ። እያንዳንዱ እንግዳ ካርድ ይሞላል፤ ምን ዓሣ እንደያዘ፣ በምን ማባበያ፣ መሪው ማን እንደነበር። ዛጎል ሰባሪ የተጻፈበት ካርድ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ኖሳኬሌ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ሄዳ እሷም መግባት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ካርድ ላይ ስምሽ ከተጻፈ ምን ይከለክልሻል ተባለች። ይህንን ለምቡዪሴሎ ስትነግረው እስኪያስለው ሳቀ።

"ማምፒንጋ" አላት፣ በአባቷ ጎሳ ስም መጥራቱ አክብሮት መሆኑ ነው፤ "አንቺ ባልዲሽን ያዢ። አሮጊት ተከትሎ ዓለት የሚወጣ እንግዳ የት አይተሻል?"

ቆሽቷ አረረ። ዝም አይነቅዝም ብላ አሥራ አንድ ዓመት ዝም ብላለች፤ ዝምታዋ ግን ነቅዟል። ሐሙስ ማለዳ ምቡዪሴሎ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ አገኘው። አንኳኳ፣ ተሳደበ፣ ሄደ። ባሕሩ መመለስ ሲጀምር እሷ ሸርጣኖቿንና ክሯን ይዛ ራሷ ወደ ዓለቱ ወረደች።

የዕለቱ እንግዳ ዶክተር ሶታሼ የሚባል፣ በዚያው ጠረፍ ካለችው የኢስት ለንደን ከተማ የመጣ ጥርስ ሐኪም ነበር። ምቡዪሴሎ ከሌላ ሴት ቤት በወሰደው ሸርጣን ራሱ አስሮ ሲያስጠምደው፣ ዓሣው ሁለት ጊዜ አንኳኩቶ ሁለቱንም ጊዜ ተፍቶታል። ኖሳኬሌ ስትደርስ ዋርሳዋ ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ ለእንግዳው ያስረዳ ነበር፤ ማባበያ የምታቀርበው ይቺ የወንድሜ ሚስት ናት፣ የበሰበሰ እየሰጠች ስሜን ታጠፋለች ይላል።

ሐኪሙ የተተፋውን ሸርጣን አሳያት። የመንጠቆው ጫፍ እስከ አንገቱ ተቀብሯል፤ ክሩ ሬሳ የተገነዘበት ይመስላል። ኖሳኬሌ ቆርጣ ጣለችውና ሌላ አሰረች፣ ነጭ አረፋው ከዓለቱ ሥር የሚዞርበትን ቦታም አሳየችው። የመጀመሪያው ንክሻ ሙከራ ነው፣ አትንካው፣ ዘንጉ ጎንበስ ብሎ ሲቀር ብቻ ሳብ አለችው።

ዘንጉ ጎንበስ ብሎ ቀረ። ዓሣው ተጎትቶ ተጎትቶ ከዓለቱ ሥር ጉድጓድ ገባና ክሩ ድንጋይ ላይ ይፋተግ ጀመር። ምቡዪሴሎ ሳቡት እያለ ይጮሃል። ኖሳኬሌ የሐኪሙን እጅ ገፍታ ዘንጉ ላይ ያለውን የክር መጠቅለያ ከፈተችና ክሩን ለቀቀችው። በወዲያኛው ዓለት ላይ ያሉ ወንዶች አፏጩ፤ ሴት ዘንግ ነካች።

"የሚስበው የለም ብሎ ሲያስብ ራሱ ይወጣል" አለች።

ወጣ። ዓለቱ ውስጥ ባለችው ኩሬ ሲያርፍ የሁለት ዓመት ሕፃን ያህላል። ምቡዪሴሎ ዘሎ ገባና ታቀፈው፤ ስልኩን ለሐኪሙ ሰጥቶ ካርዱ ላይ የሚያያዝ ፎቶ ያንሡኝ አለ።

"ማምፒንጋ፣ ቀሚስሽ ፎቶው ውስጥ ገባ። ፈቀቅ በይ።"

ፈቀቅ አላለችም። ዓሣውን ከእቅፉ ነጠቀችውና ወደ ባሕሩ ለቀቀችው። ጅራቱን አንዴ መታና ጠፋ።

"እማማ፣ ምን አደረጉ!" አለ ሐኪሙ። "ሃያ ዓመት የፈለግሁት ዓሣ እኮ ነው።"

"አንተን በድያለሁ ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ግን ይሄ ሰው እኔ ባሰርኩት በተያዘ ዓሣ ፎቶ ሲነሣ አሥራ አንድ ዓመት አይቻለሁ። ከእንግዲህ ማየት አልችልም።" ወደ ዋርሳዋ ዞረችና ሸርጣን፣ መንጠቆና ክር እጁ ላይ አስቀመጠችለት። "እሰረው። አንተ አይደለህ የምታስር?"

ምቡዪሴሎ ሸርጣኑን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። መንጠቆውን በጀርባው ሊያስገባ ሲታገል ቅርፊቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ክሩ ከገዛ ጣቱ ጋር ተጠመጠመ። በወዲያኛው ዓለት ማፏጨቱ ቆመ። ሐኪሙ ሥራውን ሁሉ ቆሞ አየውና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካርዱን አወጣ።

"ፎቶ ባይኖርም ዓይን አለኝ" አለ፣ መጻፍም ጀመረ።

ኖሳኬሌ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በትከሻው በኩል ጎንበስ ብላ አነበበች፤ መሪ በሚለው መስመር ላይ "የምቡዪሴሎ ወንድም ሚስት" ብሎ ነበር።

"ሰርዘው" አለችው። "ኖሳኬሌ በል።"

ሰረዘው፣ ስሟን ጻፈ። ማባበያ ከሚለው ፊት ሸርጣን ብሎ ካርዱን ሊያጥፍ ሲል እጁን ያዘችው።

"ያሰረችውም እሷው ናት ብለህ ጨምርበት።"