ቁርሱን ያስቀደምኩት እኔ ነኝ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ከረባቴን ያሰረልኝ የሆቴሉ ዘበኛ ነው። ከዚያ በፊት እዚህ ስደት አገር፣ ግሮቭፖርት በምትባል ከተማ፣ ዘጠኝ ዓመት ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነድቻለሁ፤ ለፎርክሊፍት ከረባት አያስፈልግም። ወገቤ እምቢ ሲል ሐኪሙ «ተቀምጠህ የምትሠራውን ፈልግ» አለኝ። ተቀምጬ የምችለው ነገር ማውራት ብቻ ነበር።

ሥራው ታይምሼር መሸጥ ነው። ለማያውቅ ልንገር፦ ባሕር አጠገብ ካለ ሪዞርት ውስጥ በዓመት አንድ ሳምንት ትገዛላችሁ። ሳምንቱ ዕድሜ ልክ የእናንተ ነው። የጥገና ክፍያውም ዕድሜ ልክ የእናንተ ነው፤ በየዓመቱም ይጨምራል። የመጀመሪያውን ጮክ ብለን፣ ሁለተኛውን ቀስ ብለን ነበር የምንናገረው።

አለቃችን ሪክ የመጀመሪያ ቀን «ደምሴ፣ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ከአውሮፕላን ላይ።»

«በቂ ነው» አለ።

እንዲህ ሆኜ ስድስት ዓመት ያልነካሁትን ባሕር ሸጥኩ። አሸዋው እግር ሥር ሲሞቅ እንዴት ደስ እንደሚል እያወራሁ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ያን ጊዜ የዳሰስኩት ብሮሹሩን ብቻ ነው።

አሠራሩ ይህ ነበር። እንግዳው የስጦታ ካርድ ታገኛለህ ይባልና ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሆቴሉ አዳራሽ ይመጣል፤ ካርዱን ለማግኘት ዘጠና ደቂቃ ተቀምጦ መስማት አለበት። እኔ ሊነር ነኝ፤ ተቀብዬ አስቀምጣለሁ፣ ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ፣ ፎቶ አሳያለሁ። ሰውየው ሲለሰልስ ክሎዘሩ ይመጣል። ዋጋ የሚናገርና የሚያስፈርም እሱ ነው። አንድ ሰው ሲፈርም ደወል ይደወላል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። ቁርስ የሚቀርበው መጨረሻ ላይ ነበር።

ሪክ የቀጠረኝ ለእንግሊዝኛዬ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉም «ጋሼ ደምሴ» እንደሚለኝ ሰምቶ ነው። የእኛን ሰዎች አመጣሁለት። በትሕትና ሰምተው «እንጸልይበት» ብለው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሪክ በቁምነገር «ይሄ ጸሎት መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ።

መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

«መጀመሪያ አብላቸው» አልኩት። «የእናንተ ሰው ኦምሌቱን ይበላል፣ ካርዱን ኪሱ ይከታል፣ ሃቭ ኤ ናይስ ደይ ብሎ ይወጣል። የእኛ ሰው ግን የሰው እህል በልቶ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ሞቱ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በራሴ አውቀዋለሁ።»

ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ቁርሱ ቀደመ። ደወሉ በዛ። በዓመቱ መጨረሻ ስሜ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ተሸለምኩ። ሚስቴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰቀለችው፤ «እዚያ ስትቀመጥ ታነበዋለህ» ብላ።

አስካለ የመጣችው ያኔ ነው። ኢስትሙር ሰፈር የምትኖር፣ መጦሪያ ቤት አረጋውያን የምታጥብና የምታለብስ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንድ ልጇን ቤዛን ለማሳደግ ሳምንቱን ሙሉ ትሠራ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ቅዳሜና እሑድን ልትተው ወስና ነበር። «ልጄ ኮሌጅ ሳትሄድብኝ ትንሽ ልያት» ብላ ነግራኝ ነበር። የመጣችውም ጋሼ ደምሴ ስለጠራት ነው።

ሳህኗን ሁለት ጊዜ ሞላሁት።

«ኧረ ጋሼ፣ ጠገብኩ!»

«አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ!»

ክሎዘሩ ዋጋውን ሲናገር ሹካዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ የጭማቂ ብርጭቆዋን ሞላሁላት። ፈረመች። ደወሉ ተደወለ።

ሕጉ ውል ለመሰረዝ ጥቂት ቀን ይሰጣል። የመሰረዣውን ወረቀት የምናስቀምጠው ስጦታው ባለበት ፎልደር የኋላ ኪስ ውስጥ፣ ከብሮሹሩ ሥር ነበር። ማክሰኞ አስካለ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ቤቴ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች።

«ጋሼ፣ ያ ነገር ሳስበው ከበደኝ። ቅዳሜና እሑድ ካልሠራሁ አልችለውም። መመለስ ይቻል ይሆን?»

አፌን ሳልከፍት ራሷ ቀጠለች። «እርስዎን ከአለቃዎ ጋር የሚያስወቅስ ከሆነ ግን ይቅር።»

ወረቀቱ የት እንዳለ መንገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እኔ ግን ቀልድ መጣልኝ። የእኔ ቀልድ ሁልጊዜ የሚመጣው በማይገባው ሰዓት ነው።

«አስካልዬ፣ ያን ሁሉ እንቁላል በልተሽ?»

አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «በቃ ይቅር፣ ጌታ ያውቃል» ብላ ሄደች። ቀኑ አለፈ። እኔም ከፊርማዋ በደረሰኝ ኮሚሽን ለመኪናዬ አራት ጎማ ገዛሁ።

ቅዳሜና እሑድን መልሳ ያዘች። ዕረፍት ገዝታ የነበራትን ዕረፍት ሰጠች። ቤዛ ትምህርት በማይኖራት ጊዜ ሪዞርቱ ሞልቷል ይሏታል፤ ክፍት የሚሆነው ማንም ባሕር በማይፈልግበት ብርድ ነው። ቤዛም ኮሌጅ ገባች፣ ጨረሰች። አስካለ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስታገኘኝ፣ እኔ እንዳላፍር ቀድማ «ዘንድሮም አልተመቸኝም ጋሼ፣ ባሕሩ የት ይሄዳል!» ትለኛለች። አንድ ጊዜም አልሄደችም።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሥራ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠች ልቧ ቆመ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ቤዛ ደብዳቤ አሳየችኝ። የእናቷ ሳምንት ወደ እሷ እንዲዛወር ፈርሚ ይላል። ቤዛ የምታወራኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ «ጋሼ» የሚለው ብቻ አማርኛ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? ማሚ ባሕር ሄዳ አታውቅም።»

«እንዳትፈርሚ» አልኳት። «ይህን ውርስ አልቀበልም ማለት ትችያለሽ። ጠበቃ ጋ እኔ እወስድሻለሁ።»

ወሰድኳት። ጠበቃው እምቢታዋን በጽሑፍ አዘጋጀላት። በስድስት ዓመት ስንቱን አስፈርሜ፣ አትፈርሚ ያልኳት የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ማሚ መሰረዝ እንደምትችል አንተ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

ቀልድ ፈለግሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልመጣልኝም።

«ጠይቃኝ ነበር» አልኩ። «ቀኑ ገና አላለፈባትም ነበር። እኔ ቀልጄ መለስኳት።»

ኢስትሙር ደረስን። ቤቷ በር ላይ ወረደች። ገና ያላወለቀችው የሐዘን ልብሷ ላይ ያለውን ጥጥ አራገፈች። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ፣ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ ግባ። ምሳ አለ» አለችኝ።

እምቢ ማለት አቃተኝ። ገባሁ፣ ያቀረበችልኝን በላሁ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። አልጨመረችልኝም።

ታይምሼር መግዛት ያዋጣል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ አያዋጣም። ልሽጠው ስትሉ ገዢ የለም፤ ልተወው ስትሉ ክፍያው አይተዋችሁም። ዕረፍት ስታገኙ ለዚያ ሳምንት ብቻ ሆቴል ተከራዩ። ከፈረማችሁ ደግሞ የፎልደሩን የኋላ ኪስ ዛሬውኑ ክፈቱና ወረቀቱን ቀኑ ሳያልፍ ላኩ። ማንንም አታማክሩ፤ በተለይ ያበላችሁን ጋሼ።