የመስመር ዳኛው ሽማግሌዎች

ባለፈው ክረምት ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እህቴ ቤት፣ ግድግዳው እርጥበት ስቦ ቁምሳጥኑን ፈቀቅ ስናደርግ ከአንሶላዎቹ መሀል አንድ ቀይ ጨርቅ ወደቀ። አነሳሁና ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። አጭር የእንጨት እጀታ ያለው፣ ፀሐይ ያደበዘዘው የመስመር ዳኛ ባንዲራ ነው። ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። እጀታውን ሳሸተው ግን ከናፍታሊኑ ስር የተቃጠለ ብረት ሽታ ያለ መሰለኝ። ጠርዙን በጣቴ ዳበስኩት፤ ሦስቱ ጎን በቀይ ክር ተሰፍቷል፣ አራተኛው በጥቁር።

«ቦታው መልሰው» አለች እህቴ፣ ዞር ሳትል።

መለስኩት። ወደ ቤቴ በሰንጋ ተራ በኩል በእግሬ ስሄድ ግን በእነዚያ ሁሉ ፎቆች መሀል ለራሴ «ኦፍሳይድ አልነበረም፣ በጭራሽ አልነበረም» እያልኩ ራሴን አገኘሁት። ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ አሁንም ያንገበግበኛል።

አንተ ዛሬ ኳሱን በቴሌቪዥን ከፊትም ከኋላም እየደጋገሙ ያሳዩሃል። ተበደልኩ ካልክ ማስረጃ አለህ። በኛ ጊዜ እሁድ ከሰዓት የሆነ ነገር አንዴ ብቻ ነበር የሚሆነው። ካላየኸው አመለጠህ፤ ካየኸውም ለማን አቤት ትላለህ? ሰኞ ጠዋት የሚተርፍህ ንዴትህ ብቻ ነው። ዘመኑ ደግሞ የደርግ ነው። ስለ ሌላ ነገር መናደድ ያስጠይቃል፤ በዳኛ መናደድ ግን ተፈቅዶልናል። እኛም በተፈቀደልን አልቆጠብንም። የስኳሩን ሰልፍ፣ የቀበሌውን ስብሰባ፣ የራሽኑን ዳቦ፣ ሁሉንም በዳኛው ላይ ነበር የምንወጣው።

ቡድናችን ሰማያዊ ለባሽ ነበር። ከኋላው ፋብሪካ የለው፣ ጦር የለው፣ መሥሪያ ቤት የለው። ያለው ደጋፊ ብቻ ነው። አባቴ «ደጋፊ ብቻ ያለውን ቡድን ዳኛ አይወደውም፤ ምን ሊጠቀም?» ይል ነበር። አባቴ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ጣቶቹ ላይ ያለው ቀለም በሳሙናም አይለቅም፣ ልብሱ ሁልጊዜ የቀለምና የጋዝ ሽታ አለው። የተበላሹ ወረቀቶች ያመጣልኝና እኔ በጀርባቸው ግጥም እጽፍባቸዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከነዚያ ብጥስጣሽ ገጾች ላይ እያነበብኩ ነው የተማርኩት። እናቴ ቀደም ብላ አርፋ ስለነበር ቤቱን የያዘችው እህቴ ናት። ጌጃ ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ትሠራለች፤ የተረፈውን ሥራ ቤት አምጥታ በእናቴ የስፌት መኪና ትጨርሰዋለች። እኛ እሁድ እሁድ ስታዲየም ስንሄድ እሷ ትስቅብናለች። «ከፍላችሁ ልትናደዱ!»

ያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ የሆነውን ልንገርህ። ካታንጋ ከሚባለው፣ ርካሹ ቦታችን ተቀምጠናል። ሲሚንቶው ፀሐይ ጠጥቶ ሱሪ አልፎ ያቃጥላል። የለውዝ ልጣጭ እግራችን ስር ይንኮሻኮሻል፣ ከፊታችን ያሉት ሰውዬ የሚያጨሱት ሲጋራ ዐይናችን ውስጥ ይገባል። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፤ ባዶ ለባዶ። ካሸነፍን መሪ እንሆናለን። ያኔ የክንፍ ተጫዋቻችን ኳሱን ከኋላ ተቀበለ፣ በረኛውን አየው፣ መታው። መረቡ ሲወዛወዝ በዐይኔ አይቻለሁ። አባቴ ጉንጬን ሳመኝ። አባቴ ሰው አይስምም፤ ፂሙ ሲወጋኝ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ በወዲያኛው መስመር አንዲት ቀይ ባንዲራ ቆማለች።

«ሌባ! ሌባ!» የሚለውን ጩኸት ከሲሚንቶው ስር የወጣ ይመስል አነሳን። አባቴ በእጁ የነበረውን ለውዝ ወደ ሜዳው በተነው። «ከተማ ሙሉ ሰው አይቶ አንተ ብቻ ነህ ያላየኸው!» እያለ ይጮሃል፤ ሰውዬው በዚያ ርቀት የሚሰማው ይመስል። ባንዲራዋ ግን አልወረደችም። ባለፊሽካው እስኪያያት ድረስ ቀጥ ብላ ጠበቀች። አቻ ወጣን።

በእግራችን እየተመለስን ግጥም መጣልኝ። ሲናደድ የሚገጥም ሰው ነበርኩ፤ ያለ ንዴት መግጠም የቻልኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ባንዲራው ተኝቶ ለሌላው ሲያንጎላጅ፣
የኛ ጎል ሲገባ ይነሳል እንደ አዋጅ።

አባቴ ሳቀ። ዙሪያውን ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አዋጅ የምትለዋን ግን ቀይራት» አለኝ።

«ካለሷ ቤት አይመታም አባዬ።»

«ቤት ከምትመታ ቤትህ ብትገባ ይሻልሃል።»

ቤት ስንደርስ እህቴ ከኛ ጥቂት ቀድማ የደረሰች ትመስላለች። ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም፤ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ መርገጫውን በባዶ ታንቀሳቅሳለች። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን መጣሁ አለች። ግጥሜን በኩራት አወረድኩላት። እግሯ ቆመ።

«ግጥሙ ጥሩ ነው» አለች። «ኦፍሳይዱን ግን አይተኸዋል?»

«ሁሉም ሰው አይቷል!»

«ሁሉም ሰው የሚያየው ኳሱን ነዋ» አለችና መስፋት ጀመረች።

በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ደጃችን መጡ። አንዱ የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ ሁለተኛው ጌጃ ሰፈር ብየዳ ቤት ያላቸው ሰውዬ፤ ሦስተኛው ጋቢ የተከናነቡ ዝምተኛ ሽማግሌ። ግቡ ቢባሉ ቆሙ፣ ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ አሉ። ለምን እንደመጡ ያኔ ገባኝ። እህቴ ጓዳ ገብታ መጋረጃውን ሳበች።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ የዕድሩ ዳኛ። «ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው።»

አባቴ ደስ አለው፣ ግን ደስታውን ዋጥ አደረገ። ወግ ነው። ልጁ ማነው፣ የማን ዘር ነው፣ ሥራውስ?

«ብየዳ ቤቴ ነው የሚሠራው፤ ባለሙያ ነው» አሉ ሁለተኛው። «አይጠጣም፣ አያጨስም። በትርፍ ጊዜው ደግሞ... ስፖርት ይወዳል።»

«ስፖርት!» አለ አባቴ፤ ፊቱ ፈካ። «የማን ደጋፊ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እስካሁን ያን መተያየት አልረሳሁትም። የዕድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ... ደጋፊ እንኳን አይደለም። መሀል ሰፋሪ ነው ማለት ይቻላል።»

«እንዴት ማለት?»

«መስመር ዳኛ ነው» አሉ ዝምተኛው፣ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው።

አባቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «የትኛው? ያለፈው እሁዱ?» ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። «በያጅ! ጌታዬ ሆይ፣ ዐይኑን እሳት የበላው ሰው ነው መስመር የሚጠብቅብን? እርስዎም ዳኛ ነዎት፤ ዳኛ ለዳኛ ሊያዳላ ቤቴ ድረስ ይመጣል!»

ጓዳው መግቢያ ላይ ቆሜ እኔም በውስጤ እየጮህኩ ነበር። ልክ ነው አባዬ! እህቴን ደግሞ? ጎላችንን ወስዶ አልበቃው ብሎ? መጋረጃውን ሳየው አልተንቀሳቀሰም።

አባቴ ፍርዱን ሰጠ። «ሄዳችሁ ጠይቁት። ኦፍሳይድ አልነበረም፣ ተሳስቻለሁ ይበል። ሰው ይሳሳታል። ያን ካለ ልጄን እሰጣለሁ።»

በሳምንቱ ተመለሱ። አሁንም ቆመው። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ወለሉን ያያሉ።

«ለመንነው» አሉ። «አንድ ቃል ናት፣ ምን ትጎዳሃለች፣ በላት አልነው። ነበር አለ። በቃ። ነበር።»

«እንግዲያው...» ብሎ አባቴ ሲጀምር መጋረጃው ተከፈተ። እህቴ ወጣች። ሽማግሌ ፊት ልጅቷ አትወጣም፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ፊቷ ቀልቷል።

«ነበር አባዬ» አለች። «እኔም ነበርኩ።»

«የት?»

«ስታዲየም። ከማዶ። ከሥራ ጓደኛዬ ጋር።»

«አንቺ ስለ ኦፍሳይድ ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም። ኳሱንም አላየሁትም። እሱን ነው ያየሁት። ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር አብሮ ነው ሲሮጥ የነበረው፤ ትከሻ ለትከሻ። ካታንጋ ሆኖ ይህን የሚያይ የለም።» ቀጥላም «ባንዲራውንም የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ከጥቂት ሳምንት በፊት ቀይ ጨርቅ ስትዘመዝም አይቼ «ምንድነው?» ስላት «የሰው ነው» ብላኝ ነበር። ጎላችንን የወሰደች ባንዲራ ከቤታችን ነው የወጣችው።

አባቴ እምቢ ቢል ይሻል ነበር። እምቢ ለተባለ ሽማግሌ ወግ አለው፤ ይመለሳል፣ ዘመድ ይጨምራል፣ ካህን ያመጣል። አባቴ ግን እምቢም እሺም አላለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ማተሚያ ቤቱ የሰጠውን የቀን መቁጠሪያ ረጅም ጊዜ አየና «ውድድሩ ሲያልቅ ኑ» አለ። ሽማግሌዎቹ ይህን እንደ ተስፋ ወሰዱት፤ እጅ ነሥተው ሄዱ። እህቴ ቤቱን ባዶ አድርጋበት እንዳትሄድ ጊዜ እየገዛ መሆኑ ያኔ አልገባኝም። ዳኛውን እየቀጣልን ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የዋልኩት።

ውድድሩ እስኪያልቅ ግን አልተጠበቀም። ግንቦት ላይ ቀበሌው የብሔራዊ ውትድርና ተመልማዮችን ጠራ፤ የሱም ስም ነበረበት። ዜናውን ያመጡት የብየዳ ቤቱ ባለቤት ናቸው። አባቴ «እንዲህ በድንገት?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቃቸው፤ እሳቸው ቢያስቀሩት የሚችሉ ይመስል።

በማግስቱ እህቴን ከሥራ ልመልስ ጌጃ ሰፈር ሄድኩ። የመስመር ዳኛው የልብስ ሰፊው ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር። በቅርብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ የእጁ ቆዳ በብየዳ ፍንጣሪ የተነቆረ። ዐይኑ ቀልቷል፤ ከእሳቱ ይሁን ከሌላ ነገር እንጃ። ባንዲራውን ለእህቴ ሰጣት። አንድ ጎኑ ተተርትሯል።

«እስክመለስ ስፊልኝ» አላት።

ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ገጣሚው! ግጥምህን ሰምቻታለሁ፣ ሜዳ ላይ ደጋፊዎቹ ሲሏት። ጥሩ ናት። ለሌላው ሲያንጎላጅ የምትለዋ ግን ልክ አይደለችም። ለሌላውም አነሳለሁ።»

«እውነት ኦፍሳይድ ነበር?» አልኩት። ሌላ የምለው ማጣቴ እስካሁን ያበሳጨኛል።

«አባትህ የት እንደሚቀመጡ አውቅ ነበር» አለኝ። «ኳሱ ሲለቀቅ እሳቸውን አሰብኩ። ምነው ባላየሁት አልኩ። እጄ ግን ተነስቶ ነበር።»

ሄደ። መጀመሪያ አንድ ወሬ መጣ፣ ሰሜን ነው የሚል። ከዚያ ምንም።

የመጨረሻው ጨዋታ ሰኔ ላይ ነበር። ዝናቡ ገና አባርቶ፣ ሲሚንቶው እርጥብ ነው፣ ከሜዳው የተረገጠ ሣር ሽታ ይመጣል። አንድ ለአንድ ሆነን ሳለ አጥቂያችን ከሁሉም ተከላካዮች ቀድሞ፣ ከበረኛው ጋር ብቻውን ተፋጦ ኳስ ተቀበለና አገባ። በሱ ቦታ የቆመው አዲሱ የመስመር ዳኛ ባንዲራውን ወደ ታች እንዳደረገ ወደ መሀል ሮጠ። ጎል! ካታንጋ ዘለለ፣ ሰው በሰው ላይ ወደቀ፤ የማላውቀው ሰው አንገቴን አንቆ ሳመኝ። ለዓመታት ስንለምነው የነበረው ነገር በመጨረሻ ተሰጠን።

አባቴን ስፈልገው ተቀምጧል። በዚያ ሁሉ የቆመ እግር መሀል ብቻውን።

«አባዬ! አሸነፍን እኮ!»

«ኦፍሳይድ ነው» አለ። ዐይኑ ከመስመሩ አልተነሳም። «የኛ ልጅ ቢኖር ያነሣት ነበር።»

በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ስነሣ አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሷል። ሳሎኑን ራሱ ጠርጎ ሦስት ወንበሮች ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ደርድሯል። እሱ ከማዶ ተቀምጧል፣ ቀለም የማይለቃቸውን ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

«ሰው ይመጣል?» አለችው እህቴ ከጓዳ።

«ቀጠሮ አለኝ። ውድድሩ አልቋል።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጠለ። የልደታ ቅዳሴ ወጣ፤ ሰዎች በደጃችን ወደየቤታቸው አለፉ፣ አንዳንዱ እጅ ነሣ። ማንም አልገባም። ፀሐይዋ ከደጃፉ ተነስታ የመጀመሪያውን ወንበር፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ነካች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አባቴ ተነሥቶ ቆመ፤ ለሽማግሌ እንደሚቆመው፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ።

«ሰጥቻለሁ» አለ ለወንበሮቹ።

የመኪናው ድምፅ ቆመ።

እህቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው አገባች፣ ወልዳ ከብዳለች። አባቴም ቤታችንም ዛሬ የሉም። ያን ቀን ጓዳ ገብቼ ሳያት ባንዲራውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር። ቀይ ክር አልቆባት የተተረተረውን ጎን በጥቁር ጨርሳዋለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ ባንዲራውን አጠፈችው፣ አንሶላ መሀል አስገባችው።