ባሮ የገባበት ኩሽኔታ

ድምፁ የጀመረው ከአቦቦ ስመለስ ነው። መጀመሪያ የንብ እምምታ ይመስል ነበር፤ ፍጥነት ስጨምር ይጨምራል፣ ስቀንስ ይቀንሳል። ዕድሜውን በሹፍርና የጨረሰ ሰው የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሲያልቅ እንዴት እንደሚጮህ ያውቃል፤ እኔም ወዲያው አውቄያለሁ። አውቄም ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ ሁለት ወር ሙሉ ነዳሁ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔን የመከረኝ መሪው ነው፤ አንድ ቀን እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

መኪናዬ ከልጆቼ ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች። በወጣትነቴ የእርሻ ትራክተር ልነዳ ከደጋ መጥቼ እዚሁ ጋምቤላ ቀረሁ። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ። ሴት ልጄ አዲስ አበባ ነው ኑሮዋ፣ ወንዱ ሥራ ፍለጋ ጁባ ገብቷል። እኔ ጡረታ ወጥቼ ከዚህች መኪና ጋር አንድ ግቢ ውስጥ እንኖራለን። ማለዳ ተነስቼ እንዴት አደርክ የምለው ሰው የለኝም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ነገሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ቅዳሜ ግን ሌላ ነው። ለእሁድ ቸርች መኪና መታጠብ አለበት፤ እዚህ አገር ደግሞ መኪና የሚታጠበው ባሮ ውስጥ ነው። ዳር ላይ አይደለም፣ ውስጥ። ውሃው ሲጎድል ጠጠራማ ቦታ ይወጣል፤ ሁሉም መኪናውንና ባጃጁን እየነዳ ጎማው ግማሽ እስኪሰጥም ይገባል። ሱሪ ይጠቀለላል፣ ጨርቅ ይወረወራል፣ የአንዱን ሳሙና ሌላው ያነሳል። ስለ ኳስ፣ ስለ ሚስት፣ ስለ ነዳጅ ወረፋ ይወራል። አንዱ "አዞ!" ብሎ ይጮህና ሌላው ዘሎ ኮፈኑ ላይ ይወጣል። በየሳምንቱ ያው ቀልድ ነው፣ በየሳምንቱ እንስቃለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያልተናገርኩትን ሁሉ እዚያ እናገራለሁ።

መሪው ሲንቀጠቀጥ መኪናዋን የወሰድኩለት መካኒክ የዚሁ የጋምቤላ ተወላጅ ነው፤ ጋራዡም አንድ የማንጎ ዛፍና አንድ የመሣሪያ ሳጥን ነው። መኪናዋን በክሪክ አነሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው። እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀ። ሲያሽከረክረው ደግሞ ተንቀጫቀጨ።

"ይሄን አንተ እየነዳህ ነው?" አለኝ።

"እየነዳሁ ነው።"

"እግዚአብሔር ይወድሃል።"

ጎማውን ፈታ፣ ፍሬኑን ፈታ፣ ከዚያ ጎማው የሚታሰርበትን ብረት አውጥቶ ኩሽኔታውን በመዶሻ እየመታ አስለቀቀው። ጣቱን ውስጡ ከተተና አውጥቶ አሳየኝ። ግራሶው ሻይ በወተት መስሏል፤ አሸዋም አለበት።

"ይሄ ግራሶ አይደለም" አለ። "ይሄ ባሮ ነው።"

መኪናው ተነድቶ ሲመጣ ያ ብረት ይግላል፤ እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ቅባቱን የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት ካረጀ ደግሞ የሚከለክለው የለም። ይህን ሁሉ በእጁ እያሳየ አስረዳኝ።

"ጋምቤላ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል። አሁን አዲስ አስገባለሁ፣ ግን አባ፣ ውሃ አትግባ። ዳር አቁም፣ በባልዲ እጠብ። ከገባህ ስድስት ወር ብቻ። ከዚያ ጎማው መንገድ ላይ ይወጣል፣ አንተም አብረህ ትወጣለህ።"

"እሺ" አልኩት። እሱ የሚያወራው ስለ ኩሽኔታ ነው፤ እኔን ግን ቅዳሜዬን የወሰደብኝ ያህል ከፋኝ።

የግራና የቀኙ ኩሽኔታ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪመጣ መኪናዋ ማንጎው ሥር ስምንት ቀን ቆመች። በመሃል ያለችውን ቅዳሜ ቤት ዋልኩ። ግቢውን ጠረግሁ፤ የተጠረገውን መልሼ ጠረግሁ። ልጄ ከጁባ ደውሎ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ሲለኝ "ኩሽኔታ" አልኩት። ሳቀ፣ ወዲያው ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ዓርብ ዕለት ሁለቱም ተገጠሙ። ወደ ቤት ስነዳ መኪናዋ ጭጭ አለች። ሬዲዮኑን ዘጋሁና ጥቂት አዳመጥኩ፤ ብዙም ሳልቆይ መልሼ ከፈትኩት።

በማግስቱ እንደተመከርኩት ዳር ላይ አቆምኩ። ከታች ያሉት "ለምን አትገባም?" ብለው ሲጮሁ "መካኒኩ ከለከለኝ!" አልኳቸው። ውሃ በባልዲ እየቀዳሁ፣ አቀበቷን እየወጣሁ ማጠብ ጀመርኩ። ከእኔ እስከ እነሱ ቢበዛ ሠላሳ እርምጃ ነው። ሳቁ ይሰማኛል፣ የሚያስቃቸው ነገር አይሰማኝም። ሦስተኛው ባልዲ ላይ "አዞ!" ተባለና ተሳቀ። እኔም እላይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ አፈርኩ።

ባልዲውን ጥዬ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ወረድኩ። በየሳምንቱ አጠገቤ የሚያጥብ፣ ሚስቱ በቅርቡ የወለደች አንድ ባጃጅ ነጂ አለ። ጨርቅ አንስቼ የባጃጁን ጀርባ ማሸት ስጀምር ደነገጠ።

"አባ፣ ተው እንጂ! አንተ ሽማግሌ ነህ" አለና ጨርቁን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። "የእኔን አንተ ካጠብክ ሰው እኔን ምን ይላል?"

ሌላው ክንዴን ደግፎ አወጣኝ። ሦስተኛው ባዶ ጀሪካን ጥላ ሥር አጋድሞ መቀመጫ አደረገልኝ። የራሴን መኪና ሳጥብ አንድ ቀን እንኳ ሽማግሌ ብሎኝ የሚያውቅ የለም፤ የራሱን ለሚያጥብ ዕድሜ አይቆጠርበትም። ሽማግሌ የወጣት ንብረት ሲያጥብ ማየት ግን ነውር ነው። ያደረጉት አክብረውኝ ነው፣ አውቃለሁ። ጀሪካኑ ላይ እንደ ተከበረ ሰው ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ከእንግዲህ ቅዳሜዬ ይህ ነው አልኩ ለራሴ። ባለቤቴን የቀበርኩ ዕለት እንኳ እንዲህ ብቸኝነት አልተሰማኝም፤ ያን ቀን ሰው ነበር።

ተነሳሁ። አቀበቷን ወጣሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁና ቁልቁል ነዳሁ። ቆማ ስለቆየች ብረቱ ቀዝቅዟል ብዬ ራሴን አታለልኩ። አዲሱ ኩሽኔታ ድምፅ ሳያሰማ ጠጠሩን አልፎ ገባ፤ ውሃው ጎማውን ነካ፣ ግማሹን ሸፈነው።

"አባ፣ መካኒኩ ከልክሎህ የለ?" ብሎ ባጃጅ ነጂው ጮኸ።

"ከልክሎኛል" አልኩና በሩን ከፍቼ እስከ ጉልበቴ ውሃው ውስጥ ቆምኩ። "ና ጣሪያውን እጠብልኝ፣ እኔ አልደርስበትም።"

ከነጨርቁ መጣ።