ኦቦ ቶላ በረኛ የሆኑበት ቅዳሜ

ልጅ ሳለን፣ ቡራዩ ግድቡ ዳር፣ የኳስ ሜዳ የሚሰጠን ቀበሌው ሳይሆን በጋው ነበር። ጥር ሲገባ ውሃው ወደ ውስጥ ይሸሽና ሰፊ፣ ልስልስ፣ ጭቃና ቄጠማ የሚሸት መሬት ይተውልናል። ክረምት ላይ መልሶ ይወስደዋል፤ የጎሉን እንጨት መንቀል ሁሌ ስለምንረሳ ሐምሌ ላይ ጫፉ ብቻ ከውሃው ብቅ ብሎ ይታየናል። መናፈሻችንም ስታዲየማችንም እሱ ነበር። ደግሞ ግድብ ነበር የምንለው፤ ሐይቅ የሆነው ዳርቻው መሸጥ ሲጀምር ነው።

ያኔ ሴት ልጅ ኳስ ታቀብላለች እንጂ አትጫወትም። እኔ ግን በአስር ዓመቴም ገበያ ይገባኝ ነበር። አጎቴ ከመርካቶ እውነተኛ የቆዳ ኳስ ሲያመጣልኝ፣ ካልሲ ጠቅጥቀው ለሚራገጡት የሰፈሬ ልጆች ቁርጡን ነገርኳቸው፤ ኳሷ የምትገባው እኔ ከገባሁ ነው። አምበላችን ገመቹ ፊቱን አጨፍግጎ፣ «በቃ ክንፍ ላይ ቁሚ፤ ግን እንዳትነኪ» አለኝ። ኳስ ሳልነካ ኳስ ተጫዋች ሆንኩ።

ያን ቅዳሜ ከላይ ሰፈር ልጆች ጋር ግጥሚያ ነበረን። ያሸነፈ ሜዳውን በጋውን ሙሉ ይይዛል። አንድ ለአንድ እንደሆንን ገመቹ ኳሷን ሽቅብ ለጋት፤ ነፋሱ ተቀብሎ ግድቡ ውስጥ ጣላት። ልቤ አብራት ገባች። ያለ እሷ ነገ ተመልሼ አቀባይ ነኝ።

የግድቡ ጥበቃ ኦቦ ቶላ ደግሞ ሕጋቸው ጥብቅ ነው፤ ሰው ውሃ ውስጥ አይገባም፣ የገባ ኳስ የሳቸው ነው። በረጅም ቀርከሃ ስበው አወጧትና ብብታቸው ውስጥ ሸጎጧት። ወንዶቹ በሙሉ ሸሹ። እኔ ቀረብኩ።

«አከም ጅርቱ ኦቦ ቶላ? ኳሴን...»

«ላኪ! ላኪ!» አሉኝ በኦሮምኛ፤ «አይሆንም! ውሃው የመጠጥ ነው። አዲስ አበባ የናንተን ጭቃ ይጠጣ?»

እየተቆጡ ግን ኳሷን በመዳፋቸው ማንጠር ጀመሩ። እንደዚያ የሚያነጥር በረኛ ብቻ ነው።

«ኦቦ፣ በረኛችን አይረባም» አልኳቸው። ማንጠራቸውን አላቆሙም። «በውሃው በኩል ያለው ጎል እኮ የኛ ነው። እርስዎ ከቆሙበት ኳስ አያልፍም። ውሃውንም ጠበቁ ማለት ነው!»

ከዚያ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ ቀስ ብሎ ለተመለሰው ገመቹ አስታቀፉት። «ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ነጋዴ ነሽ» አሉኝ። «ሁሌ ከዚህ ሆኜ አይሻለሁ፤ አያቀብሉሽም። እኔ ከቆምኩ የምወረውረው ላንቺ ነው።»

የላይ ሰፈሮች «ሽማግሌ አይገባም!» ብለው ጮሁ፤ ሌላ ኳስ ስላልነበራቸው ግን ጩኸታቸው ቶሎ አለቀ። ኦቦ ቶላ ቦት ጫማቸውን እንዳደረጉ ሦስት ጊዜ ተወርውረው አዳኑ። አራተኛዋን ይዘው «ሩጪ!» አሉና ከሁሉም ራስ በላይ ወረወሩልኝ። እንዴት እንደሮጥኩ እግሬ ይወቀው። በጉልበቴም በቅልጥሜም መታኋት፤ ገባች! ገመቹ ካፖርቱን ለብሶ፣ እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ ሜዳውን ዞረ። በዚያ በጋ ክንፍ ላይ ቆሜ ብቻ አልዋልኩም።

ባለፈው እሁድ እዚያው ዳርቻ የተሠራ ግቢ ውስጥ ቤት ለማየት ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ጂሙን፣ መዋኛውን፣ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰውን የልጆች ሜዳ አስጎበኘኝ። ያምራል፤ ስለሚያምር ነገር አልዋሽም። በሩ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ ብቻውን ተቀምጧል።

«ኳሱ ውጭ ቢወጣስ?» አልኩት ሻጩን።

«አይወጣም እትዬ፤ እስከ ላይ መረብ ነው» አለኝ በኩራት።

ዕቃው እንከን የለውም። ዋጋ መከራከር ስችል ዓይኔ በሩ ላይ ከተቀመጠው ጥበቃ ላይ ቀረ። ኳሳቸው የማይወጣ ከሆነ፣ እዚህ የሚያድጉት ልጆች ከዚያ ሰውዬ ጋር በምን ይተዋወቃሉ?