ለዘሃራ የጻፍኩላት ስድብ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አሁንም እያፈርኩ ነው የምጽፈው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ የሐበሻ ልጆችን አማርኛ አስተምራለሁ። ከሥራ በኋላ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር በስልክ የተኩስ ጨዋታ እጫወት ነበር። ጎረቤቴን ዘሃራን ጨዋታውን አስተምሬ ቡድኑ ውስጥ ያስገባኋት እኔው ነኝ። ወር ሳይሞላት በለጠችኝ። የቡድኑ አለቃ ሙባረክ "ዘሃራ ካልገባች አንጀምርም" ማለት ሲጀምር ቅናት አንገበገበኝ፤ ድሮ እንዲያ የሚለው ስለ እኔ ነበር።

በወንድ ስም ሌላ አካውንት ከፈትኩ። "አጭበርባሪ! ሴት በራሷ እጅ እንዲህ አትተኩስም። ከቡድኑ ካልወጣሽ አዋርድሻለሁ" እያልኩ በየቀኑ እጽፍላት ጀመር።

አንድ ቀን ዘሃራ ስልኳን ይዛ ቤቴ መጣች። ሱዳን ተወልዳ በዐረብኛ የተማረች ናት፤ አማርኛ ትናገራለች እንጂ ፊደሉን አታነብም።

"ወላሂ እታለም፣ አንድ ሰው ይጽፍልኛል። እስቲ አንብቢልኝ።"

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት፤ የራሴ ስድብ ነበር።

"ጎበዝ ነሽ፣ ተኩስሽ ያስቀናል ይላል" አልኳት።

"ይኼ ሁሉ ጽሑፍ?"

"ደጋግሞ ነው የጻፈው።"

ስልኳን ከእጄ መልሳ ወሰደች።

"ትናንት አባቴ ሲያነብልኝ ሌላ ነበር። ተቆጥቶ ጨዋታውን ከለከለኝ። ከቡድናችን ደግሞ በአማርኛ ፊደል የምትጽፊ አንቺ ብቻ ነሽ።"

 ነጠላዬን ከወንበሩ አንስታ አቀበለችኝ።

"በይ ተነሺ። አሁን ያነበብሽልኝን ሄደሽ ለአባቴም አንብቢለት።"