የጠገበው ተክል

አማቷ ለሁለቱ ምራቶቻቸው ከአንድ ተክል አንዳንድ ቅጠል ቀንጥሰው ሲሰጡ ልብስ ሰፊዋን ከነከናት። እሷ የትልቁ ልጅ ሚስት፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ትንሿ ምራት ግን ገና ትናንት የገባች። እኩል ናቸው ማለት ነው? ቢሆንም እንደ ሕፃን ጣት የወፈረችውን ቅጠል ተከለችና ከስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠቻት።

ቅጠሏ ሥር ሰደደች፤ አደገችም። ችግሩ ትንሿ ምራት በስልክ የምትልከው የተክሏ ፎቶ ነበር።

«እትዬ፣ የኔ ጫፉ ቀልቶ አማረበት» ብላ ትልካለች። ልብስ ሰፊዋ ብድግ ትልና የራሷን በጆግ ታጠጣለች። «እትዬ፣ የኔ በጎኑ ቡቃያ አወጣ» ስትል ደግሞ ሌላ ጆግ። ከመስኮት የራቀው ተክል ብርሃን ፍለጋ ሲመዘዝ፣ «በቁመትስ ማን ይደርስብኛል» እያለች ትጽናና ነበር።

እሑድ ዕለት አማትየዋ ትንሿን ምራት ከነተክሏ አስከትለው መጡ። ሁለቱም ተክሎች ወደ ሰፊ ማሰሮ ሊዛወሩ ነው። አማትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና የልብስ ሰፊዋን ተክል የታችኛውን ቅጠል በሁለት ጣት ጫን አደረጉት። ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ልፍስፍስ አለ።

«ይሄ ጠግቧል» አሉ።

የልብስ ሰፊዋ ፊት በራ። «ሰማሽ?» አለቻት ትንሿን። «እጅ ነው እንግዲህ።»

«ጥጋብ መች ለማን በጅቶ ያውቃል ልጄ? ውኃ ጠግቦ ሊፈነዳ ነው። ሳናዛውረው ሥሩን እንየው።»

«ምን ያደርጋል እማማ፣ ከነአፈሩ እናዛውረው።»

«የታመመ ሰው ቤት ስለቀየረ ይድናል?»

ከማሰሮው ሲወጣ ሥሩ ጠቁሯል። ሲነካ ልጣጩ እጅ ላይ ቀረ፤ ተዘፍዝፎ የተረሳ ጨርቅ ጨርቅ ሸተተ።

«የሷም ይታያ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ልቧ አንዲት ጥቁር ሥር ተመኘ፤ አንዲት ብቻ። የትንሿ ሥር ግን ነጭ፣ እንደ አዲስ ክር ጠንካራ ነበር።

«በየስንት ጊዜው ነው የምታጠጪው?»

«እውነቱን ልንገርሽ እትዬ? እረሳዋለሁ። አፈሩ ክው ብሎ ሲደርቅ ነው ትዝ የሚለኝ።»

ይህ ከሥሩ ይልቅ አንገበገባት። እሷ ስትሮጥ የከረመችበትን እሽቅድምድም፣ ያቺ መኖሩንም አታውቅም።

«አናቱ ገና ጤነኛ ነው፤ ከተቆረጠ ይተርፋል» አሉ አማትየዋ።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀት እንኳ ሲቆርጡበት የምትቆጣለትን የጨርቅ መቀሷን አወጣችና ስለቱን በአልኮል ጠረገችው። ብትቆርጠው ግንዱ መሃል ላይ ቡናማ ነጥብ አለ። ከፍ አድርጋ ደገመችው፤ አሁንም አለ። ያ የምትኮራበት ቁመት መሬት ላይ ተቆራርጦ ካለቀ በኋላ ንጹሕ አረንጓዴ ወጣላት። የቀረው መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነው።

«ቁስሉ እስኪደርቅ አፈር አይንካው» አሉ አማትየዋ። «ውኃማ አታስቢው።»

«እኔ ብቅ እያልኩ አየዋለሁ» አለች ትንሿ።

ልብስ ሰፊዋ የተረፈችውን አናት መስኮቱ ጋ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀመጠቻት።

«አደራሽን፣ ፎቶም አትላኪ፣ ብቅም አትበዪ» አለቻት። «አንቺን ባየሁ ቁጥር ነው ማጠጣት የሚያምረኝ።»

ትንሿ ቀልድ መስሏት ሳቀች። አማትየዋ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ትልቋን ምራታቸውን ትክ ብለው አዩዋት።