ከወረቀቱ ላይ የሰረዝኩት ኮረኮንች

ከሰፈራችን ከጉለሌ ተነስቶ ገፈርሳ ለመድረስ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አስፋልቱ ነው፤ የጭነት መኪና ጥግ እያስያዘህ፣ ጭሱን እያጠጣህ ይወስድሃል። ሌላው እኔና ጓደኛዬ በብስክሌት እየዞርን ያገኘነው ነው። አስኮን አለፍ ሲሉ አስፋልቱን ይተውና ወንዙን ተከትሎ፣ በኮረኮንችና በከብት መሄጃ እያለፈ ግድቡ ዳር ያወጣል። ግድቡን እኛ ሐይቅ እንለዋለን። ጠዋት ስንደርስ ውሃው አይንቀሳቀስም፤ ዳክዬዎቹ እንኳ ገና አልነቁም። ጫማችንን አውልቀን ዳሩ ላይ እንቀመጥና የያዝነውን ዳቦ እንበላለን።

ጓደኛዬ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባቱ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ሱቅ አላቸው። ከመርካቶ ሳሙናና ክብሪት በብስክሌቱ ጭኖ የሚያመጣው እሱ ነው። ብስክሌቱ ጥቁር፣ ከባድ፣ ጎማው ወፍራም ነው። ያለ ብስክሌቱ ሱቁ ዕቃ አይገባለትም። እኔ የምነዳው የአጎቴን ነበር።

«ኮረኮንች ላይ መሪውን አትነቀው» ይለኝ ነበር። «ባነቅከው ቁጥር ይጥልሃል። ላላ አድርገው፣ ምሁሩ!»

ምሁሩ የሚለኝ ማስታወሻ ስለምይዝ ነው። የት እንደሚያንሸራትት፣ የት ወርዶ መግፋት እንደሚያስፈልግ፣ ዝናብ ሲዘንብ የትኛው መሻገሪያ እንደሚሞላ እጽፍ ነበር።

ፈተና አልፌ ዩኒቨርሲቲ መግቢያዬን ስጠባበቅ ቀበሌያችን የወጣቶች የብስክሌት ጉዞ ሊያዘጋጅ ነው ተባለ። ከቀበሌያችን በላይ ካለው ከከፍተኛውም እንግዶች ይመጣሉ። የስፖርት ኮሚቴውንም የሚመራው የቀበሌው ሰብሳቢ መንገድ የሚያጠና ሰው ሲፈልግ እኔ ልሥራው አልኩ። ማንም አልገፋፋኝም። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ከአስኮ በኋላ ያለው ኮረኮንች ስለታም ስለሆነ ቀጭን ጎማ አይችለውም አልኩ። ሁለተኛው መሻገሪያ ላይ ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ሁሉም ሰው ይውረድ አልኩ።

ሰብሳቢው አንብቦ ሲጨርስ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ።

«ጓድ፣ ይሄ የመንገድ ጥናት ነው ወይስ የአደጋ ሪፖርት?»

«እውነቱን ልጻፍ ብዬ ነው፣ ጓድ ሰብሳቢ።»

«እውነትን ማን ጠላ? ግን ይሄ ወረቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ወደ ላይ በሚሄድ ወረቀት ላይ ‹ስለታም›፣ ‹ያንሸራትታል›፣ ‹አይችለውም› ይባላል? ቀበሌያችን መንገድ እንኳ የላትም ልትል ነው?»

«እና ምን ልበል?»

«‹ምቹ› በል። በቃ።»

ቤቴ ሄጄ እንደገና ጻፍኩት። ሦስቱ ገጽ አንድ ገጽ ሆነ። «ወንዝንና ሐይቅን ተከትሎ የሚሄድ፣ ለወጣቶች ምቹ የሆነ መንገድ» የሚለውን በማስመሪያ አሰመርኩበት። ሰብሳቢው ትከሻዬን መታ አድርጎ «እንዳንተ ያለ ወጣት ነው የምንፈልገው» አለኝ። ዛሬ የሚያንገበግበኝ ማዘዙ አይደለም። እየተደሰትኩ ወደ ቤቴ መሄዴ ነው።

የጉዞው ዕለት ጠዋት እንግዶቹ የእሽቅድምድም ብስክሌት ይዘው መጡ። ጎማው የአውራ ጣቴን ያህል ነው። መንገድ መሪ ተብሎ የተመደበው ጓደኛዬ አያቸውና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«እነዚህ ሰርግ ነው የሚሄዱት? ይሄ ጎማ ኮረኮንች ሲያይ እኮ ያለቅሳል። አልጻፍክም እንዴ?»

«ጽፌ ነበር።»

«ነበር?»

ጓደኛዬ ወደ ሰብሳቢው ሄደና «ጓድ ሰብሳቢ፣ በዚህ ጎማ በአስፋልቱ ብንሄድ ይሻላል» አለ።

ሰብሳቢው ወረቀቴን ከፍ አድርጎ አሳየው። «ጥናቱ ምቹ ነው ይላል። አንተ ከጥናቱ ትበልጣለህ?»

ሰው ሳቀ። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር።

የመጀመሪያው መሻገሪያ ሳንደርስ አራት ጎማ ተነፈሰ። ሁለተኛው ላይ ጓደኛዬ ወረደና እጁን ዘርግቶ «ውረዱ! ግፉ! እዚህ አይነዳም!» ብሎ ጮኸ። አንዱ እንግዳ «አንተ ግፋ፣ ጆንያ መግፋት የለመድክ!» አለውና ጓደኞቹን እያሳቀ ገባበት። መሀል ሲደርስ ወደቀ። የፊት ቸርኬው ተጣመመ፣ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ጓደኛዬ ሹራቡን አውልቆ እጁን አሰረለት፤ የራሱ ብስክሌት ዕቃ መጫኛ ላይ አስቀምጦት ያን ሁሉ ኮረኮንች እየገፋ አስፋልት አደረሰው። የዚያን ቀን ሐይቁን ያየ ሰው የለም።

ነገር ሲበላሽ ሂስና ግለ ሂስ ይጠራል። አዳራሽ ሞልተን እንቀመጣለን፤ አንዱ እየተነሳ የሌላውን ጥፋት ይናገራል፣ ሌላው እየተነሳ የራሱን ያምናል። የዚያን እሑድ የመጀመሪያው ተናጋሪ ሰብሳቢው ነበር።

«ጥናቱ ምቹ ብሎ ሳለ መንገድ መሪው ባልሆነ ቦታ ወሰደን። ይህ ቸልተኝነት ነው ወይስ አሻጥር?»

አሻጥር በዚያ ጊዜ እስር ቤት የሚያስገባ ቃል ነበር። ነገሩ እስኪጣራ የጓደኛዬ ብስክሌት ቀበሌው ግቢ ይቆያል ተባለ። ጓደኛዬ ተነሳ። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

«የሄድነው እሱ ባጠናው መንገድ ነው። እዚህ አለላችሁ፣ ጠይቁት።»

በእኔ ተማምኖ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ የምመዘገብበት የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ፣ ሳይፈረም። ተነሳሁ።

«ጥናቱን ሳዘጋጅ ጥንቃቄ ጎድሎኝ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ግለ ሂስ አደርጋለሁ።»

ተጨበጨበልኝ። ማን ቃሉን እንዳስቀየረኝ አልተናገርኩም። ጓደኛዬ ወደ ታች ወደ እግሩ ይመለከት ነበር። ደብዳቤዬ በማግስቱ ተፈረመ።

ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ ጓደኛዬን ከአውቶቡስ ሲወርድ አየሁት፤ ካርቶን በጀርባው፣ ሌላ ካርቶን በእጁ። ቀድሞ «ልጄ» ይሉኝ የነበሩት አባቱ ሱቁ ስገባ «ምን ልስጥህ?» አሉኝ። የብስክሌቱ ነገር ገና አልተጣራም። የቀበሌው መልእክተኛ የስብሰባ ጥሪ ያድልበታል። የኋላው ጎማ ግማሹን ተንፍሶ፣ በቸርኬው ሊሄድ ምንም ሳይቀረው ሲነዳው አይቼ ደሜ ፈላ። ቢያንስ ነፋ አያደርገውም?

በቀጥታ ሰብሳቢው ቢሮ ገባሁ።

«‹ምቹ› በል ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አልኩት። «እሱ ምንም አላጠፋም። ሳይክሉን መልሱለት።»

«የኔ እጅ ጽሑፍ አለበት?» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ማስመሪያ ይዤ ያሰመርኩት እኔ ነኝ? በል በሩን ዝጋልኝ።»

በንዴት ታውሬ ሱቁ ደረስኩ። ጓደኛዬ ሳሙና እየደረደረ ነበር። ያልኩትን በሙሉ ነገርኩት፤ ጎበዝ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

«ለብቻው ነገርከው?»

«አዎ።»

«ቢሮው ውስጥ?»

«አዎ።»

«እኔን የወሰዱብኝ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ ነው» አለ ሳሙና መደርደሩን ሳያቆም። «አሁን አንተ ቀሎሃል። እኔ ለሰፈሩ አሻጥረኛ ነኝ። ትናንት አንዷ ሴትዮ ልጇን ‹እዚያ ሱቅ አትግባ› ስትል ሰማኋት። እሑድ ስብሰባ አለ። ከፈለግክ ና፣ ካልፈለግክ ትምህርትህን ተማር።»

ወደ ዩኒቨርሲቲ የምመለሰው ቅዳሜ ነበር። አልሄድኩም። እሑድ አዳራሹ ከፊት እስከ በር ጢም ብሎ ነበር። ጓደኛዬ ከአባቱ ጋር ከኋላ ተቀምጧል። ስለ ቦይ ጠረጋ ተወራ፣ ስለ ጥበቃ ተራ ተወራ። ሰብሳቢው «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ መዝገቡን መዝጋት ጀመረ።

«እኔ አለኝ» አልኩ፤ እድል ሳይሰጠኝ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ሕዝቡ አዙሬ። «ስለ ገፈርሳው መንገድ ዋሽቻችኋለሁ።»